የወለተ ሚካኤል ኑዛዜ

ሐረገ ወይንን በቃሬዛ ከመንደሩ ወደ መኪናው መንገድ ሲያወርዷት አሥራ ሁለት ወንዶች ተፈራርቀው ተሸክመዋታል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ገና አልታጨደም። ስድስተኛ ልጇን ለመውለድ ሁለት ቀን ሙሉ ስታምጥ ቆየች፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምጡ በድንገት ቀጥ አለና ደሙ ጀመራት። ደብረ ታቦር ስትደርስ ራሷን አታውቅም። ሐኪሞቹ ልጁን ሞቶ አወጡት፤ የተቀደደ ማህፀኗን ግን ሰፍተው ነፍሷን አተረፉላት። ሥራው ሳያልቅ አንደኛው ሐኪም ወደ በረንዳው ወጣና ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ ቆመው ዳዊት ይደግሙ የነበሩትን ባሏን፣ ቄስ ይታየውን፣ አነጋገራቸው።

"አባቴ፣ ከእንግዲህ ማርገዝ የለባትም። ካረገዘች ስፌቱ ይለቃል፤ ያን ጊዜ እኛም አንደርስላትም። አሁን ሆዷ ክፍት ሳለ እንዳታረግዝ አድርገን እንቋጥረው? እርስዎ ከፈረሙልን እናደርገዋለን።"

ቄስ ይታየው ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። "እግዚአብሔር የከፈተውን እኔ በፊርማ አልዘጋም" አሉና መለሱለት።

ሐረገ ወይን ይህን የሰማችው ከወር በኋላ ከራሳቸው አንደበት ነው። ሲነግሯት አልደበቁም፣ አላፈሩም፤ ከአንድ ክፉ ነገር እንዳዳኗት ሁሉ ረጋ ብለው ነገሯት። ክፉ ሰው አልነበሩም። በታመመች ጊዜ ውሃ ራሳቸው ቀድተዋል፣ ሰው እያየ። ልጆቻቸውን በአለንጋ ነክተው አያውቁም። የሚያምኑትን ግን ያምኑታል፤ ያመኑትን ነገር ከልባቸው ለማውጣት ሰው አቅም የለውም።

በቁርባን ሲጋቡ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ይታየው ያኔ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ተምረው የተመለሱ ዲያቆን ነበሩ፤ ቅስና ለመቀበል ድንግል ማግባት ነበረባቸውና የጎረቤት ደብር አለቃ ልጅ የሆነችውን እሷን መረጡ። የቁርባን ጋብቻ መፍቻ እንደሌለው፣ ለቄስ ሚስት አንድ ብቻ እንደሆነች፣ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ እንደሚቀር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገችው ነው። እናቷ አባቷን "እርስዎ" ትል ነበር፤ እሷም ባሏን "እርስዎ" አለች። ጎጆ ከወጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዚህ ሌላ መኖር አለ ብላ አስባ አታውቅም።

ወገቧ ጠንቶ ሥራ ስትጀምር፣ መኝታውም እንደ ድሮው ሲሆን፣ ፍርሃቱ መጣ። ደሟ አንድ ቀን ከዘገየ እህል አይወርድላትም። ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ምንጭ ወርዳ ውሃ ስትጠብቅ ያ ቃሬዛ ይታያታል። ለባሏ ብትነግራቸው "ጸልዪ" ነው የሚሏት፤ ትጸልያለች፤ ጸልያም ትፈራለች። በመጨረሻ በመጋቢት አንድ ቀን ትንሹን ልጇን ለክትባት ይዛ ጤና ኬላ ሄደች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሜሮን የእስቴ ልጅ ናት፤ ከመካነ ኢየሱስ ተመድባ መጥታ ከሰው ጋር ተላምዳለች።

"ሐረግዬ፣ ለቄሱ ነግረሻቸዋል?" አለቻት።

"ብነግራቸው እዚህ እመጣ ነበር?"

ሜሮን ሌላ አልጠየቀችም። የግራ ክንዷን ከውስጥ በኩል አደንዝዛ የክብሪት እንጨት የምታህል ነገር ከቆዳዋ ሥር አስገባችላት። "ሦስት ዓመት ይቆያል" አለቻት።

"ሦስት ዓመት እኖራለሁ ማለት ነው?" አለች ሐረገ ወይን።

ሜሮን ፋሻውን ጠመጠመችላት።

አራት ወር ያህል እንደ ሰው በላች፣ እንደ ሰው ተኛች። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን፣ የእመቤታችን ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ቄስ ይታየው ጎርፉ እንዳይጥላት ክንዷን ደገፍ አድርገው ያሻግሯት ጀመር። ውሃው መሐል ሲደርሱ ጣቶቻቸው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ምንም ሳይናገሩ አሻገሯት፤ ከዳር ሲወጡ እንደገና ዳበሱት።

"ይህ ምንድን ነው?"

እሾህ ነው፣ እጢ ነው ብትላቸው ያልፍ ነበር። ግን ባሏን ዋሽታ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚዋሽም አላወቀችበትም።

"የልጅ መከላከያ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጋቢት።"

ቄስ ይታየው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ከመጋቢት ጀምሮ ስቀድስ ነበር" አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። "ይህን ጉድ በቤቴ ይዤ፣ በእነዚህ እጆቼ…" ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እጃቸውን ልብሳቸው ላይ ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። ሐረገ ወይን ከጭቃው ላይ ቆማ እጃቸውን ስታይ በሰውነቷ ውስጥ ቆሻሻ ነገር ያለ መሰላት። እሷም ያን ቀን ራሷን ተጸየፈች።

ፍልሰታ ገባ። በዚያ አገር ፍልሰታን የማይጾም፣ የማይቆርብ ሰው የለም፤ ሕፃናቱ እንኳ በእናታቸው ጀርባ ሆነው ይቆርባሉ። ልጆቿን አለባብሳ ወሰደቻቸው፤ እሷ ግን ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከንስሐ ሰዎች ጋር ቆመች። የቄስ ሚስት ውጭ ስትቆም ያላየ ሰው አልነበረም። አንዳንዶቹ ሰላምታ ሰጥተዋት አለፉ፣ አንዳንዶቹ ሳይሰጧት አለፉ። በሦስተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ገብረ ሥላሴ ሄደች። አባ ገብረ ሥላሴ የአባቷም ንስሐ አባት የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። እሷንም የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው።

"ወለተ ሚካኤል፣ ነገሩ ቀላል ነው" አሏት። "አውጪውና ትቆርቢያለሽ።"

"አባቴ፣ ካወጣሁት አረግዛለሁ። ካረገዝኩ እሞታለሁ። ሐኪሙ ተናግሯል።"

"ሐኪም የሞትን ቀን አያውቅም፣ ልጄ። ሴት የምትድነው በመውለድ ነው፤ አባቶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን።"

"ወለድኩ፣ አባቴ። ስድስት ወለድኩ። እስካሁን አልዳንኩም ማለት ነው?"

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዞሩ። በመጨረሻ "እኔ ከአባቶቼ ያልተቀበልኩትን አልሰጥሽም" አሏት። ሐረገ ወይን እግራቸውን ስማ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ወረደች። ትልቋ ልጇ ፅጌረዳ እዚያ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ለመግባት ትዘጋጃለች፤ ስንቅ የምትወስድላት እናቷ ናት። ፅጌረዳ በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ውስጥ ተናጋሪ ናት፤ ክርክር ላይ ስትቆም ወንዶቹ ዝም ይላሉ ይባላል። ነገሩን ስትሰማ ቆሎውን ከእጇ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ሰውነትሽ ያንቺ ነው። አባባንም አያገባቸውም፣ አባ ገብረ ሥላሴንም አያገባቸውም። ሕጉም እንዲህ ነው የሚለው።"

"ነፍሴስ የማን ናት?"

"ስለ ነፍስሽ ከሞትሽ በኋላ እናወራለን። እኔ የምልሽ አሁን እንድትኖሪ ነው።"

"ለመኖርማ እኔም እፈልጋለሁ፣ ልጄ። ግን ደግሞ መቁረብ እፈልጋለሁ። አንቺ አንዱን ትተሽ አንዱን ያዢ ትይኛለሽ፣ እነሱም አንዱን ትተሽ አንዱን ያዢ ይሉኛል። ሁለቱንም የሚሰጠኝ ሰው ነው ያጣሁት።"

ፅጌረዳ የእናቷን ነጠላ ወስዳ በእርጥቡ ጫፍ ላይ ያለውን ጭቃ በጥፍሯ ትፍቅላት ጀመር።

ወደ ቤት ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተጠጋግታ እንደተቀመጠች፣ ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው። በማግስቱ ባሏን ይዛ አባ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ቀረበች። "እንደ እኅትና እንደ ወንድም እንኑር" አለች። "መኝታችን ይለይ። እኔም ይህን ነገር አወጣለሁ፣ እርስዎም በንጽሕና ይቀድሳሉ።"

አባ ገብረ ሥላሴ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። "ይህማ የቅዱሳን ኑሮ ነው" አሉ። ቄስ ይታየው ትንሽ አሰቡና እጃቸውን ከመስቀሉ ላይ አኖሩ። "ሥጋዬን ማሸነፍ ካልቻልኩ ምኑን ካህን ሆንኩ?" አሉ። ከልባቸው ነበር የተናገሩት፤ ሐረገ ወይን ፊታቸውን አይታ አመነቻቸው።

ሜሮን ግን አላመነችም። ክንዷን ከፍታ ስታወጣላት "ሐረግዬ፣ ሌላ ሰው በገባው ቃል ተማምነሽ ነው የምታስወጪው" አለቻት። "አንቺ ያልያዝሽው ነገር ነው።"

"በመስቀል ላይ ነው የገቡት" አለች ሐረገ ወይን።

በጥቅምት ቆረበች። የዚያን ዓመት በጋ ያህል ደስ ብሏት አያውቅም። ቄስ ይታየው መኝታቸውን ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ አደረጉ፤ እሷ ከልጆቹ ጋር ተኛች። ገብሱ ታጭዶ ተወቃ፣ ባቄላው ገባ፣ ፊቷ ሞላ አለ። ዐቢይ ጾም ገባና ወጣ። ፋሲካ ዋለ። አንዳንድ ጊዜ ባሏ ከመደቡ ላይ ሆነው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ሲተዉት ታያለች፤ ትታዘባቸዋለች፣ ታዝንላቸዋለችም። ገና አርባ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ናቸው።

ርክበ ካህናት በዋለበት ቀን ካህናቱ ሁሉ ደብሩ ላይ ተሰብስበው ዋሉ። ቄስ ይታየው ከቀትር በኋላ ጠላውም ጠጁም ፊታቸው ላይ ወጥቶ ተመለሱ። ልጆቹ ከብት ጋር ነበሩ። ሐረገ ወይን ከቤት ውስጥ ምስር በሰፌድ ይዛ ጠጠሩን ትለቅማለች።

"ሐረግ፣ እኔም ሰው ነኝ" አሏት፣ በቆሙበት።

ወዲያው ገባት። "ቃል ገብተዋል" አለች።

"ገብቻለሁ። አልቻልኩም።" ተጠጓት። "ሐዋርያው ምን አለ? የሴት ሥጋዋ የባሏ ነው አላለም?"

"የባልም ሥጋው የሚስቱ ነው ብሏል። በተጋባን ቀን ሲነበብ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ አይሆንም እያልኩ ነው። እባክዎ። ልጆቼን ያስቡልኝ።"

ቄስ ይታየው በሩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሐረገ ወይን ለማንም ዘርዝራ ተናግራ አታውቅም። ሲያልቅ ባሏ ውጭ ወጥተው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ተቀመጡ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በበሩ ክፍተት ይታይ ነበር። እሷ የተበተነውን ምስር ከመሬት ለቀመችው። ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ስለ ነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሰፌዱን ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ ከፊታቸው ቆመች።

"ገደልከኝ" አለች።

በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ "አንተ" ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነበር። ቀና ብለው አላዩዋትም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጤና ኬላ ሄደች። ሜሮን ቶሎ ከተደረሰ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ አንድ ጊዜ ነግራታለች። በሩ ተቆልፎ ነበር። በዚያ ሰሞን በአገሩ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለ ከረመ ሜሮን ወደ ከተማ ወርዳ አልተመለሰችም። ሐረገ ወይን ቁልፉን ያዝ አድርጋ ሳበችው፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፀሐይ እስኪሞቅ ቆየች። ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ መኪና አልነበረም። በእግር እንዳትሄድ በመንገዱ ላይ ተኩስ ነበር።

በሰኔ አጋማሽ አረጋገጠች። ጠዋት ጠዋት ምራቋ ይሞላል፣ የሽሮ ሽታ ያስጠላታል። አምስቱም ልጆች፣ ስድስተኛውም ሲመጡ እንዲሁ ነበር የጀመራት። ጸበል ወረደችና ለሰባት ቀን ተጠመቀች። "አቤቱ፣ ራስህ ውሰደው" ብላ ለመነች። ከአፏ ሲወጣ የራሷ ጸሎት አስፈራት፤ የሕፃን ሞት እየለመነች እንደ ሆነ ገባት። ከዚያ "አቤቱ፣ እኔን ውሰደኝ" ብላ ለመነች፤ ይህንንም ስትለው የትንሹ ልጇ የጥጋቡ ፊት መጣባት። አራት ዓመቱ ነው፤ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይበላም። በመጨረሻ ምን ብላ እንደምትለምን ጠፋባት። ከጸበሉ ዳር እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ምንም ሳትለምን ቆመች።

ለቄስ ይታየው ነገረቻቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ስእለት እገባለሁ" አሉ። "ለመድኃኔ ዓለም ጃንጥላ እሳላለሁ። እንዴት እንደሚያወጣሽ እግዚአብሔር ያውቃል።"

"እግዚአብሔርማ ያውቃል" አለች። "አንተ ነህ የማታውቀው።"

ሐምሌ ሲገባ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ሐረገ ወይን ልጆቹን ለጎረቤቷ ለአልጣሽ አደራ ሰጥታ፣ ለማንም የት እንደምትሄድ ሳትናገር፣ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቃ ወጣች። ከንፋስ መውጫ ፅጌረዳ አብራት ተሳፈረች። ደብረ ታቦር እስኪደርሱ ልጅቱ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

የመረመራት ወጣት ሐኪም ነው። ስክሪኑን ብዙ አየ፣ የድሮ ጠባሳዋን በጣቱ ተከተለው።

"እናቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አለ። "ስፌቱ ሳስቷል። ሆድሽ እየገፋ ሲሄድ መቼ እንደሚለቅ አላውቅም። ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይተሽ ወራቱን ሁሉ ብትጠብቂ እንኳ ዋስትና መስጠት አልችልም። ከመንደርሽ ሆነሽማ፣ መንገዱም እንዲህ እየሆነ፣ አይታሰብም። ሕጉ እናትን ለማዳን ማቋረጥ ይፈቅዳል። ምርጫው ያንቺ ነው።"

"ነፍስ አለው?" አለችው።

ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ አየ። "ልቡ መምታት ጀምሯል" አለ።

"ለምን ዋሽተህ አልነገርከኝም?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የአንድ ቀን ጊዜ ጠየቀች። ፅጌረዳን ማረፊያ ትታ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሄዳ ተቀመጠች፤ ግቢው ውስጥ ለመግባት አልደፈረችም። ቀብሯን አሰበችው። በወሊድ ለሞተች ሴት አገሩ ሁሉ ያለቅሳል፤ የቄስ ሚስት ስትሆን ደግሞ ከየደብሩ ካህናት ይመጣሉ፣ ፍትሐቱ ያምራል፣ አርባዋም ይወጣል። "እንዴት ያለች ሴት ነበረች" ይባልላታል። ቄስ ይታየው ይመነኩሳሉ። ከዚያስ? ሦስቱን ትንንሾች ማን ይይዛቸዋል? ፅጌረዳ ናታ። ደብተሯን ትዘጋና ትመለሳለች፤ ጥጋቡን በእጇ ታበላዋለች፣ ዓመት ሳይሞላት አንድ ዲያቆን ይመጣላታል። ሐረገ ወይን ያን ቀን ስለ ራሷ ብቻ ብታስብ ኖሮ ምናልባት ሞቱን ትመርጠው ነበር። ሞቱ ቀላል ነበር፣ የታወቀ ነበር፣ ሁሉም የሚያከብረው ነበር።

በማግስቱ ገባች። ከመጀመራቸው በፊት ሐኪሙ "ከዚህ በኋላም እንዳይመጣ ብንቋጥረውስ?" ሲላት ማንንም አላማከረችም። "ቋጥረው" አለችው።

ሲያልቅ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ፅጌረዳ ናት። "እማዬ፣ ትክክል ነው ያደረግሽው፤ መብትሽ ነው" እያለች ደጋግማ ታለቅሳለች። ሐረገ ወይን የልጇን ፀጉር ስትዳብስ ቆየችና "ልጄ፣ አሁን ትክክል ነው አትበይኝ" አለቻት። "ዝም ብለሽ ተቀመጪልኝ።"

ወደ ቤት ስትገባ ቄስ ይታየው ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። የት እንደሄደች ገምተዋል።

"ወጣ?" አሉ።

"ወጣ። ሌላም አይመጣም።"

ከዚያን ቀን ጀምረው መቀደስ ተዉ። ቤተ መቅደስ አይገቡም፤ ከሕዝቡ ጋር፣ ከወንዶቹ በኩል ግድግዳ ተደግፈው ያስቀድሳሉ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች መጥተው ሲጠይቋቸው "ጤና የለኝም" አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሰው ግን የሚያወራው አያጣም። ሐረገ ወይን ሆስፒታል ሄዳ ምን እንዳደረገች እንዴት እንደታወቀ አይታወቅም፤ ብቻ በሳምንቱ ታውቋል። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሳሉ። ቄሱን ከመቅደስ ያወጣች ተባለች። ያኔ ጥምቀተ ባሕር ላይ ድምፃቸው አገር ያቆም የነበረው ሰው ዛሬ ከግድግዳ ሥር የቆሙት በእሷ ምክንያት ነው ተባለ። አልጣሽ እንኳ ልጆቹን ስትመልስላት ከደጅ ነው የመለሰችላት።

አንድ ቀን ባሏ ማረሻቸውን ሲሞርዱ አጠገባቸው ቆመች።

"ለሰዎቹ አንድ ቃል ንገራቸው" አለች። "መስቀል ይዘህ የገባኸውን ቃል፣ ያፈረስከውን። እኔ ያደረግኩትን እሸከማለሁ። ያንተን ግን ለምን እኔ እሸከማለሁ?"

ቄስ ይታየው ሞረዱን አቆሙ። "ምን ብዬ?" አሉ። "ካህን ሚስቱን… ምን ተብሎ ይነገራል?" ለአባ ገብረ ሥላሴ ተናዝዘው ነበር፤ ቀኖናም ተቀብለዋል፤ ሌሊት ሌሊት ሲሰግዱ ትሰማቸዋለች። ለሰው ግን አልተናገሩም። ሞረዱን አንስተው ቀጠሉ። ሐረገ ወይን እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች፤ ሲጨርሱ ማረሻውን ይዘው ወደ ማሳው ሄዱ።

ሁለተኛው ፍልሰታ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለችም፤ ከአባ ገብረ ሥላሴ ደጅ ሄዳ ተንበረከከች። ሽማግሌው ታመው ከረሙ፤ መደባቸው ላይ ተደግፈው ነበር። አንድም ነገር ሳታስቀር ተናዘዘች፤ ጸበሉ ዳር የለመነችውን፣ ልቡ ይመታል ያላትን ሐኪም፣ "ቋጥረው" ያለችውን። እሳቸው አላቋረጧትም። ስትጨርስ ደክሟቸው ይሁን አዝነው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"ባልሽ ነግሮኛል" አሉ። "የእሱን አውቃለሁ። እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቅዱሳን ኑሮ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።" ከመደቡ ቀና አሉ። "ያንቺ ግን ያንቺ ነው፣ ወለተ ሚካኤል። ነፍስ ነው። ሆኖም እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው፤ ቀኖናሽን እሰጥሻለሁ፣ ትጨርሺውና ትቆርቢያለሽ። ተጸጽተሻል?"

ሐረገ ወይን አፏን ከፈተች። የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚለው ቃል። እሱን ካለች ከአጥሩ ሥር መቆም ይቀራል፣ ምንጭ ላይ ሰላምታ ይመለሳል፣ ከሁሉም በላይ ያ የተዘጋባት የቁርባን በር ይከፈታል።

"አልቅሼለታለሁ፣ አባቴ" አለች። "በየቀኑ አለቅስለታለሁ። ስም የለውም እንጂ በስሙ አለቅስለት ነበር።"

"እንግዲያ ተጸጽተሻል።"

"ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ግን ያንኑ አደርጋለሁ። ተጸጽቻለሁ ካልኩዎ ባልኖር ይሻለኝ ነበር ማለቴ ነው። ጥጋቡን አይቼ፣ ፅጌረዳን አይቼ፣ እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። እግዚአብሔርን ዋሽቼ ልቁረብ?"

አባ ገብረ ሥላሴ እንባቸው በሽበታም ጢማቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። "መዋሸትማ አይሆንም" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። "ሳትጸጸቺም ልፈታሽ አልችልም። ሥልጣኑ የእኔ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምን ላድርግሽ?"

ሐረገ ወይን ይህንኑ እሳቸውን ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ተንበርክካ ቆየች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ፈለጉና አገኙት፤ ሳይባርኩ፣ ሳያማትቡ፣ እንዲሁ ራሷ ላይ አኖሩት። ከዚያ ሳሉና እጃቸውን መለሱ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ትሄዳለች። አባ ገብረ ሥላሴ "ተጸጽተሻል?" ብለው ይጠይቋታል፤ እሷ ዝም ትላለች፤ ውሃ ቀድታ፣ ቤታቸውን ጠርጋ ትመለሳለች። እሑድ ልጆቿን አለባብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትልካቸውና ራሷ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች፤ ባሏም ከውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር ይቆማሉ። ሽማግሌው ዘንድሮ በጣም ደክመዋል። የሞቱ እንደ ሆነ የሚተካቸው ካህን ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ልትነግረው ነው፤ ያ ካህን ደግሞ ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ከወዲሁ ታውቀዋለች።